ሺ በሺ

ከዚራ፣ ባንክ ቤት፣ ሦስተኛው መስኮት፤ ስሜ በደረቴ።
«ሚሊዮን» ይላል። ወረፋው ይስቃል እስከ ምሳ ሰዓቴ፦
«አቦ ሚሊዮን፣ ሁለት መቶ ብር ካንተው ላይ ቆርሰህ
ለባጃጅ ብትሰጠኝ፣ የሚጎድለው ምንህ?»
መቁጠሪያው ማሽን መቶውን ጥቅል በአንድ ትንፋሽ ውጦ
ቁጥር ይተፋል፣ አረንጓዴ ቁጥር፣ መስታወቱ ላይ አፍጦ።

አያቴ ሺበሺ አቆጣጠሩ ሌላ። በምድር ባቡር ግምጃ ቤት
ብሎን ሲረከብ አንድ ባንድ ነበር፣ በጣት፣
የዛገው ለብቻ፣ የጠመመው ለብቻ፣ እያየው ፊት ለፊት።
ፈረንጁ አለቃው ሙሴ ጋስቶን፣ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ፣
«ሺ ጊዜ ሚሊዮን ሚልያር ነው፤ ቢሊዮን ገና ነው፣ ከዚያ በላይ»
ብሎ አስተምሮት፣ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር አያቴ ይቆጣል፦
«ይኼ በጀት አንባቢ ሚልያሩን ቢሊዮን ብሎ ይጠራል!
ሦስት ዜሮ እኮ ነው! ያላፈራውን ሦስት ዜሮ ከየት ያመጣል?»

የሱ አባት ደግሞ ደብተራ ነበሩ፤ ቁጥር በዜማ ነው ያወረሱት፦
እልፍ፣ አእላፍ፣ አእላፋት፣ ትእልፊት፣ ትእልፊታት፣ ምእልፊት።
«ከምእልፊት ቀጥሎስ?» አልኩት ልጅ ሆኜ፣ ደቻቱ ዳር፣ አሸዋው ላይ።
በከዘራው ጫር ጫር አደረገና፣ ቀና አለ ወደ ሰማይ፣
«እራት» አለኝ። «ከምእልፊት ቀጥሎ እራት ነው።
ተነስ፣ እናትህ ትጣራለች።»

እናቴ እልፍነሽ፣ ስሟ አሥር ሺ፣ ቀፊራ ጨርቅ ትሸጣለች።
የሶማሌ ሽልንግ ከቶጎ ጫሌ በጆንያ ሲመጣ
ማን ይቆጥረዋል? እንደ ሽንኩርት ነው፣ ሚዛን ላይ የሚወጣ።
«ስንት ነው ይኼ?» ስላት፣ «አራት ኪሎ ተኩል።»
ስለ ቁጥር ስም ግድ የላትም እሷ። «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል»
ትላለች ብቻ። እውነትም ከስሟ እልፍ ብላ ነው «ሚሊዮን» ያለችኝ፣
ካባቷ ሺ፣ ከራሷ እልፍ፣ እንድበልጥ ተመኝታልኝ።

ጡረታ በወጣ ማግስት አያቴ ኒሙ ሥር ወንበር አወጣ፤
ክብሪት ቀፎ ጀርባ ሲጽፍ ዋለ፣ ጥላው ዞሮ ፀሐይ እስኪመጣ።
«ሚሊዮን ሰከንድ» አለኝ፣ «አሥራ አንድ ቀን ተኩል ነው፣ ቢበዛ፤
አንድ ጉንፋን ማለት ነው፣ ሳሉ ትንሽ ከበዛ።
ሚልያር ግን...» ዝም አለ። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።
«ሚልያር ሰከንድ ሠላሳ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ነው ለካ!»
ግምጃ ቤት የተቀመጠው ያን ያህል ነው፤ በወር ቢያልፍ፣ በወር ቢያጥር።
ደብተራው አባቱ በዜማ ያለፉት፣ ሙሴ ጋስቶን የጻፈው ቁጥር፣
ዘይት የጠጣ ካፖርት ሆኖ፣ በር ጀርባ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።
«የሙሴ ቢሊዮንስ?»
«እሱን ተወው። ለገ ኦዳ ዋሻ ላሟን የሳላት ሰው እንኳ አልደረሰበትም።»

እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ ልቤ ያበጠ፦
«ያም ሆኖ አያቴ፣ አንተ ሺ ነህ፣ እኔ ሚሊዮን፤ ማነው የበለጠ?»
ቀፎውን ገለበጠልኝ። «በል አባዛ» አለ። «ሺ፣ በሺ።»
አባዛሁ። ዜሮዎቹን ቆጠርኩ፤ ስድስት።
ደግሜ ቆጠርኩ፤ ስድስት።
እናቴ ያን ያህል እልፍ ብላ ያመጣችልኝ ስም
ካባቷ ደጃፍ አልራቀም፤ አንድ ዜሮ እንኳ አልጨመረም።

ባለፈው ሳምንት ሴት ልጅ ወለድን። «ቢሊዮን በላት» አሉኝ መሥሪያ ቤት።
አያቴ ቢሰማ፣
ሦስቱን ዜሮ ሊፈልግ ይነሳ ነበር በጨለማ።
ቀበሌ ሄድን። «ስም?» አለች ጸሐፊዋ፣ ዓይኗ ከኮምፒውተሩ ሳይነሳ።
«ስንታየሁ» አልኩ። ቁጥር የለበትም፤ ጥያቄ ነው፣
አፉን የከፈተ ባዶ ጆንያ፣ ሚዛን ላይ ገና ያልተነሳ።

ወረቀቱ ግን ቁጥር አለው፤ ራስጌው ላይ፣ በቀይ፣ አሥር አኃዝ።
በደብተራው ዜማ፣ በለሆሳስ፣ ማንበብ ጀመርኩ፦
ሁለት ምእልፊት፣ አራት ትእልፊታት፣ ትእልፊት የለም፣ ሰባት አእላፋት...
እዚያ ላይ ስደርስ ማኅተሙ አረፈበት።
«ቀጣይ!» አለች ጸሐፊዋ።
እልፍ አልን።